የድረስ ትሮምቦን

ደባርቅ፣ ሰኞ ኅዳር 4 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይህ ደብተር ሽፋኑ ስለተቀደደ ለተማሪ አይታደልም። እኔም የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝና ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። ሠራዊት ውስጥ ሳለሁ የሙዚቃ አለቃችን፣ አዲስ መሣሪያ የሚጀምር ሰው ልምምዱን በየቀኑ ይጻፍ ይለን ነበር። ይኸው በአርባ ስምንት ዓመቴ አዲስ መሣሪያ ጀምሬ እጽፋለሁ።

ከሥራ ስወጣ ያርጋል በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ያርጋል የከተማችንን ማርሽ ባንድ ይመራል። ድሮ የቀበሌው ኪነት ኃላፊ ነበረ፤ አሁን ሒሳብ አስተማሪ ነው። የትሮምቦኑን ሳጥን በሁለት እጁ ታቅፎታል።

"አሥር አለቃ፣ ለጥምቀት ትሮምቦን የሚነፋ ያስፈልገናል። ካንተ ሌላ ሰው የለኝም" አለ።

"ልጄ ድረስ ለጥምቀት ከግንባር ይመጣ የለም እንዴ? ጦርነቱ እንደሁ ከቆመ አምስት ወሩ" አልኩት።

ሳጥኑን አስጨበጠኝና "እስከዚያው አንተ ያዘው" አለ።

እስከዚያው ከሆነ ደግ። ትራምፔቴን ግን እንደማልለቅ በግልጽ ነግሬዋለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የነፋሁት ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን እይዛለሁ። ሳጥኑን ለድረስ አስረክበዋለሁ፣ ነገሩም ያበቃል።

ረቡዕ ኅዳር 6

ሳጥኑን ዛሬ ከፈትኩት። የድረስ መሐረብ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የቫዝሊን ቆርቆሮም አለ፤ ጣቱን የነከረበት ጉድጓድ እንዳለ ነው። የሚሳበው ቱቦ ሁለት ዓመት ሳይነካ ስለቆየ አልላወስ ብሎኝ በለብ ያለ ውኃ አጠብኩት። ቫዝሊኑን ስቀባ ጣቱ ያረፈበትን ትቼ ከዳር ዳሩ ወሰድኩ። አፍ የሚገጠምበትን ማውዝፒሱን አላጠብኩትም። ሌላ ሰው ሳያጥብ ቢነፋ እቆጣ ነበር።

ትራምፔት ሦስት ፒስተን አለው፤ ትጫናለህ፣ ድምፁ ይወጣል። ትሮምቦን የሚጫኑት ነገር የለውም። ቱቦውን እየገፉ፣ እየሳቡ ቦታውን በጆሮ መፈለግ ነው። ሰባት ቦታ አለው፤ አንዱ ላይ እንኳ ምልክት የለም። ለድረስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልነፋው እንዴት እንዳስተማርኩት ዛሬ ገረመኝ። ሰባተኛው ቦታ ላይ ክንዴ አይደርስም። አንድ ስንዝር ያህል ይጎድለኛል። ድረስ ግን በእናቱ ወገን ወጥቶ ክንዱ ረጅም ነው፤ ሰባተኛውን እየሳቀ ነበር የሚነካው።

ቅዳሜ ኅዳር 9

ልምምድ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ትልቁን ታምቡር የሚመታው ቻላቸው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ስነፋ ሰምቶ "ጥጃዋ የጠፋባት ላም መሰልክሳ!" አለኝ። ልስቅ አፌን ስከፍት ያርጋል ዓይኑን አፈጠጠበት። ቻላቸው አንገቱን ደፋ። 

ቀልዱ ደህና ቀልድ ነበር። ቻላቸው ከዚህ የባሰ ስንት ብሎኛል። አጨዋወቴ እንዲህ የሚያሳዝን ከሆነ ለምን ደፍረው አይነግሩኝም?

ቅዳሜ ኅዳር 16

ጾም ገብቷል። ትናንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዴን ተለማመድኩ። ትሮምቦን ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ዓይኔ ጨልሞብኝ ግድግዳ ተደገፍኩ። ከዚያ ትራምፔቱን ሳነሳ ከንፈሬ የኔ አልመስል አለኝ። በሰፊው አፍ ሲዝናና ይውልና ለጠባቡ አልሰበሰብ ይላል። አንድ ሳምንት ታግሶ ይለምዳል።

ሐሙስ ኅዳር 21

ውዱ ከግንባር ተመልሷል አሉ! የድብ ባሕር ልጅ ነው። ከድረስ ጋር በአንድ ቀን ተመዝግበው በአንድ መኪና ሄዱ። ድረስም በመጨረሻው ደብዳቤው፣ በሚያዝያ፣ "ከውዱ ጋር አንድ ላይ ነን፣ አታስቡ" ብሎ ነበር።

ለያርጋል ቅዳሜ ድብ ባሕር እንደምሄድ ነገርኩት። "ውዱ እኮ ለሕክምና ጎንደር ወርዷል" አለኝ ፈጠን ብሎ። ቻላቸውን ብጠይቀው "ኧረ እሱ ገና አልመጣም አሉ" አለኝ። አንዱ ሄዷል፣ አንዱ አልመጣም። ሰው ወሬ ማጣራት ትቷል። የሆነ ሆኖ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ኅዳር 23

አልሄድኩም። ልምምድ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 30

አልሄድኩም። መኪናው ሞልቶ ነበር። ሁለተኛ መኪና ነበረ፤ ግን ከንፈሬ ቆስሎ ነፋስ እንዳይመታው ፈራሁ።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 3

በሬዲዮ ዕርቁ ተፈረመ ተባለ። ሚስቴ ወርቄ የድረስን ብርድ ልብስ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ጎረቤታችን ፀጋ፣ ባለሱቋ፣ በአጥር በኩል አይታ እጇን አገጯ ላይ ጭና ቆመች። "ምነው ፀጋ?" ብላት "ምንም፣ ቅማል እንዳይኖረው ነዋ" ብላ ገባች። የኛ ቤት ብርድ ልብስ ቅማል ኖሮት አያውቅም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 7

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ወርቄ ከፀጋ ጋር ወፍጮ ቤት ሄዳለች። በር ዘግቼ የጥምቀቱን ማርሽ ያዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳይሰበር ወጣልኝ፤ ያቺን የሰባተኛ ቦታ ድምፅ ብቻ ዘለልኳት። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደገምኩት።

ከውጭ እልልታ ሰማሁ። የወርቄ ድምፅ ነው። እየቀረበ መጣ፣ በሩ ተበረገደ። "ልጄ! ድረስዬ!" እያለች ገባች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። እኔን አየችኝ፤ መሣሪያው አፌ ላይ ነው። ከዚያ ከበሩ ኋላ አየች። ጓዳውን ከፍታ አየች።

"አንተ ነህ የነፋኸው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ወፍጮ ቤቱ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው የሰማችው። ዱቄቱን እዚያው ጥላ ሮጣለች። አብሬያት ወደዚያ ስሄድ ፀጋ መሬት ላይ ተንበርክካ ዱቄቱን ከአፈሩ በእጇ ትለያለች፣ እንባዋም ይወርዳል። ለሰው ዱቄት እንዲህ ይለቀሳል?

እኔ ምን ዓይነት አረመኔ ነኝ። የልጅን ድምፅ ለእናቱ ማሰማት። ድምፁ የሱ እንደሆነ እንዴት አላሰብኩም? ይህን ማርሽ ከሱ በቀር በትሮምቦን የነፋው ሰው በዚህ ከተማ የለም።

ሰኞ ታኅሣሥ 9

ከእንግዲህ ቤት ውስጥ አልነፋም። ከከተማው ወጥቼ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋሁ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ መለሱልኝ። ነፋሱ ጥርስ ያፋጫል። ወርቄ ስለ ቅዳሜው አንድም ነገር አላነሳችም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 14

ትራምፔቱ ከዳኝ። የማርሹ መግቢያ ላይ ያለችው ከፍተኛ ድምፅ ተሰነጠቀች። ደገምኩ፣ ተሰነጠቀች። ሁለተኛ ትራምፔት የሚነፋው ሙሌ፣ ጺም ያላበቀለው፣ የራሱን አነሳና ነፋት። ጥርት ብላ ወጣች።

ዕቃ ሳስገባ መጋዘኑ በር ላይ ከያርጋል ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው። ሙሌ "እኔ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም፣ ለምን አሁኑኑ አይነገራቸውም?" ይላል። ያርጋል "ጥምቀት ይለፍ ብለናል። መምሬም ያሉት እንዲያ ነው" አለው።

እንግዲህ ተማክረው ጨርሰዋል። ከጥምቀት በኋላ ትራምፔቴን ሊነጥቁኝ ነው። ትሮምቦኑን ያሸከሙኝም ለዚህ ነው፤ ቀስ በቀስ ወደዚያ ሊያሸጋግሩኝ። ቄስ ሳይቀር መከረበት።

ዛሬ ማታ ይህን ሳሰላስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ድረስ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ትራምፔት አስተምረኝ ብሎ ለመነኝ። "ትራምፔት አንድ ይበቃል፤ ትሮምቦን ሰው የለውም" አልኩት። እውነቱ ይህ አልነበረም። ጆሮው ከኔ እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል ብዬ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሐሙስ ታኅሣሥ 19

ለገብርኤል ተሳልሜ ስወጣ የንስሐ አባታችን መምሬ ገብረ ሚካኤል ጠሩኝ። "ሃብቴ፣ አንተና ወርቄ ለልደት ብትቆርቡ ምን ይመስልሃል? ሰው መጽናኛው ሥጋ ወደሙ ነው" አሉኝ።

"ለአንድ ትራምፔት ይህን ያህል መጽናናት አያስፈልገኝም፣ አባቴ" አልኳቸው። ኮርቼ ነበር የተናገርኩት።

 ከዚያ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አቆዩት፤ ከልማዳቸው ይልቅ አቆዩት።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 24

መኪና ተራ ውዱን አየሁ። ክራንች ይዟል፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች የለም። እንደ ሽማግሌ ሆኗል። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት ዞረና በጭነት መኪናው ኋላ ተሰወረ። አላየኝም መሰለኝ። ሰው ብዙ ነበር። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ስለቸኮልኩ አልተከተልኩትም።

እሑድ ታኅሣሥ 29፣ ልደት

ቆረብን። ሰሞኑን ቤታችን በሰው ደግነት ተጨናንቋል። ቻላቸው ሙክት አርዶ የኋላ እግሩን በሰው ላከልን። ርዕሰ መምህሩ ስድስት ቀን ዕረፍት ሰጠኝ፤ ሳልጠይቅ። የወርቄን ቤተሰቦች ገብስ ዘንድሮ ወቅተው የሰጧቸው ሰፈርተኞች ናቸው። ፀጋ ስኳር ስትሰፍርልኝ እጇ ከልኩ በላይ ይለቅቃል።

ፀጋ ስትሰፍር እጇን እያየሁ አምና የሆነውን አስታወስኩ። ወንድሟ ግንባር ላይ እንደወደቀ ሁላችንም በመስከረም ሰማን። ገብሷ ሳይገባ እንዳትሰማ ተብሎ እስከ ኅዳር ተደበቀ። ሁለት ወር ሙሉ ከሱቋ ስኳር እየገዛን፣ እየቀለድን፣ "ወንድምሽ ጻፈ ወይ?" እያልን ከረምን። የማርዳቱ ቀን ጎሕ ሳይቀድ በሯን ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩ። ስትከፍት ጋቢያችንን አይታ ማንም ሳይነግራት ጮኸች።

ለምን ይህን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ስኳሩ ስጽፍ ነው የመጣብኝ።

ቅዳሜ ጥር 5

ትራምፔቱን ለሙሌ ሰጠሁት። ማንም አልነጠቀኝም፤ ራሴ ነኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴ ሲሰነጠቅ "እንካ፣ አንተ ንፋ" አልኩት። ሙሌ አልተቀበለኝም፤ ያርጋል ነው የተቀበለኝ። አንዳቸውም ደስ አላላቸውም። እኔ ግን ሲደሰቱ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ቢያንስ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

አንዱን ሳልጨብጥ ሌላውን ለቀቅሁ። ሰባተኛው ቦታ አሁንም አይደረስም። ከሠራዊት የወጣሁ ዕለት ማዕረጌን ወሰዱ፣ ጡረታዬን ወሰዱ፤ ትንፋሼ ግን የኔ ነበረ።

ሐሙስ ጥር 10፣ ከተራ

ገሃድ ነው፤ ጾም። ከታቦቱ ፊት ሄድን። ጉሮሮዬ አመድ ሆኗል። እጄ በረዶ። የመሳቢያው ቱቦ አንድ ጊዜ አምልጦኝ የሙሌን ጀርባ መታው። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው።

ቅዳሜ ጥር 12

ታቦቱ ገባ። አለቀ። ትናንትም ዛሬም ነፋሁ፤ ጥሩ ነፋሁ ማለት እችላለሁ። ማርሹ ላይ ሰባተኛዋ ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ፤ ባንዱም ያንን ቀዳዳ ለምዶታል። ሕዝቡ ግን ሲያየኝ ነበር። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትሮምቦኑን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። አንዷ "ወየው፣ በሱ ቦታ ቆመ እኮ" ስትል ሰማሁ።

ከገባን በኋላ ለያርጋል "በል፣ ጥምቀት አለፈ። ልትነግሩኝ የያዛችሁትን ንገሩኝ" አልኩት። ፊቱ ገረጣ። "ዛሬ ይደክምሃል፣ ግባና ተኛ" አለኝ።

ነገ እሑድ ነው። ሰኞ ድብ ባሕር እሄዳለሁ። በዚህ ጊዜ የምር ነው።

ሰኞ ጥር 14

ነገሩን።

ሰኞ ጥር 21

ሰው ትንሽ ቀለል ብሏል። ወርቄ ከሴቶቹ ጋር መደብ ላይ ናት። ልጻፈው።

ጎሕ ሳይቀድ ውሻው ጮኸ። በመስኮት አየሁ። ያርጋል፣ ቻላቸው፣ ሙሌ፣ መምሬ ገብረ ሚካኤል፣ ከኋላቸው ፀጋና ሴቶቹ። ባንዱ ሁሉ አለ፣ መሣሪያ ግን የያዘ የለም። ያርጋል እጁን በሩ ላይ አንስቶ ማንኳኳት አቃተው። እኔ ከውስጥ ከፈትኩለት። መምሬ "ሃብቴ፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ" ሲሉ የቀረውን አልሰማሁም፤ ወርቄ ጮኸች።

ግንቦት ላይ ነው የሞተው። ያርጋል በጥቅምት መጨረሻ ከውዱ አፍ ሰምቷል፤ ትሮምቦኑን ይዞልኝ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። "ለምን ሰጠኸኝ ታዲያ?" አልኩት፣ ለቅሶው መሃል። "ነግሬህ ብሰጥህ አትቀበለኝም ነበር። ሌላ ሰው እንዲነካው ደግሞ አልፈለግሁም" አለኝ። ልጠላው ሞከርኩ። ለፀጋ ያደረግሁትን ነው ያደረገብኝ።

ውዱም መጣ። በክራንቹ ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ እጁን ይዤ አስገባሁት። የክፍለ ጦሩ ኪነት ውስጥ ነበሩ። የውጊያው ቀን ቃሬዛ ተሰጣቸው። ድረስ ሁለት ቁስለኛ አውጥቶ ሦስተኛው ውዱ ነበር። "እኔን ካስቀመጠ በኋላ ነው ለአራተኛው የተመለሰው" አለኝ።

ድረስ ሲመዘገብ "አትፍራ፣ ሙዚቀኛ ከኋላ ነው የሚቀመጠው" ያልኩት እኔ ነኝ። ሙዚቀኛ በውጊያ ቀን ቃሬዛ እንደሚሸከም አውቃለሁ። በሠራዊት ዘመኔ እኔም ተሸክሜያለሁ፤ ጓደኞቼ ከቃሬዛው ጋር ሲወድቁ አይቻለሁ። ለድረስ አልነገርኩትም። የአባቱን ማዕረግ የሚያነሳልኝ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ደብተር ላይም ዋሽቻለሁ። መኪና ተራ ውዱ አይቶኛል፣ እኔም ዓይኑን አይቼዋለሁ። ድብ ባሕር ከሰዓት በኋላ ተነስቶ አድሮ የሚመለሱበት አገር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ስምንት ቅዳሜ ነበረ። ስድስት ቀን ዕረፍት ነበረኝ። ከንፈሬ ቆሰለ፣ መኪና ሞላ፣ ልምምድ አለ። ከንፈሬን ሳስታምም ከረምኩ።

እሑድ የካቲት 11፣ ቅበላ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ለሃምሳ አምስት ቀን ከበሮም አይመታ፣ ትሮምቦንም አይነፋ። የድረስ አርባም ጾሙ ውስጥ ነው የሚውለው። ሳጥኑን ጠቅልዬ ለያርጋል ልመልስ ተነሳሁ። ማውዝፒሱን በመሐረቡ ጠቀለልኩት፤ እስከዛሬም አልታጠበም።

ወርቄ ከል ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ከለቅሶው ወዲህ በቀን ሁለት ቃል ነው የምትናገረው። "ወዴት ልትወስደው ነው?" አለችኝ።

"ልመልሰው ነው። ዳግመኛ እንዳትሰሚው።"

"ማን አልሰማም አለህ?"

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"ዱቄቱን የደፋሁ ዕለት" አለች፣ "ክፉ ሥራ የሠራህብኝ መስሎህ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አታይም። አውቄብሃለሁ። እኔ ግን ከባሕር ዛፉ እስከ በራችን ድረስ ልጄ ቤት ነበር። መጥቶ ነበር፣ ሃብቴ። እሱን የሚያህል ደስታ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አዳምጣለሁ።"

"ወርቄ፣ ሐዘን ቤት ነው። ሰው ምን ይላል?"

"ነገ ጾም ነው። ዛሬ ብቻ ነው ያለን" አለች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ጫማዋን አጠለቀች። እስከ ባሕር ዛፎቹ ሄጄ እቆማለሁ፣ አንተ በሩን ዝጋና ከውስጥ ንፋ፣ እኔ እየሮጥኩ እመጣለሁ አለችኝ። ያቺን የማትደርስልህንም አትዝለላት አለችኝ፤ ስዘላት ለካስ እሷም ትሰማለች። አንገቴን አዘንብዬ ትከሻዬን ወደፊት ሰብሬ ስሞክር አሁንም ሦስት ጣት ይቀረኛል። ቱቦውን በመሐረቡ አስሬ ጫፉን ብይዘው ይደርስ ይሆናል።

በመስኮት ትታየኛለች፤ ከፀጋ ሱቅ አልፋለች። በሩን ዘግቻለሁ። ከንፈሬ ደርቋል፣ ውኃ ልጎንጭና ልነሳ።